መጠበቅን የማያውቅ ሰዓት

በእንሰት አገር፥ በጉንችሬ፥ ስልክ ጊዜን እንዴት እንደ ለወጠው

የበልጉ ጭጋግ ከእንሰቱ ሰፊ ቅጠል ላይ ገና ሳይነሣ፥ ወደ ወልቂጤ የሚሄደው የመጀመሪያው ሚኒባስ ረዳት በጉንችሬ ጎዳና ዳር ቆሞ «ወልቂጤ፥ ወልቂጤ» እያለ በሚጣራበት በዚያ በማለዳው ጊዜ፥ በኋላ ወንበር በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች አንዲት ወጣት ስልኳን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ታያለች። የስልኩ ገጽ 7:10 የሚል ቍጥር ያበራል። ረዳቱ ግን በሩን እየዘጋ «አንድ ሰዓት አለፈ፥ እንንቀሳቀስ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንዲት ጠዋት ነው።

ልጅቱ የምትጓዘው ለሥራ ቃለ መጠይቅ ነው። የጥሪው መልእክት በስልኳ የደረሳት ከትናንት በስቲያ ሲሆን፥ «9:00 ላይ ይገኙ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ስላልነበረበት፥ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቷት አድሯል። በእኛ ከሆነ ቀጠሮው ከቀትር በኋላ ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ግን ጠዋት በ3 ሰዓት ነው። ነገሩን የቈረጡት አያቷ ናቸው። «ልጄ፥ በጠዋት ሂጂ። ቀድሞ የደረሰ ይጠብቃል፤ ዘግይቶ የደረሰ ግን ማንን ይጠብቃል?» አሏት።

ይህ የስድስት ሰዓት ልዩነት በአገራችን ከተሞች ሁሉ በየቀኑ የሚያወያይ፥ አንባቢም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው። ልዩነቱን በመደመርና በመቀነስ ማስታረቅ ይቻላል፤ የጉንችሬ ነጋዴም፥ መምህርም፥ ሾፌርም ስሌቱን ሳያስበው ይሠራዋል። በመደመር የማይታረቅ ሌላ ልዩነት ግን አለ። አባቶቻችን ያወረሱን ጊዜ በመጠበቅ የተሠራ ነበር፤ ጾመኛው ፋሲካውን፥ ገበሬው የእንሰቱን ዓመት፥ እቁብተኛው ተራውን፥ እናት ደግሞ አዲስ አበባ የሄደ ልጇን ከመስቀል ጋር ትጠብቅ ነበር። በእጃችን የገባው ስልክ ግን መጠበቅን እንደ ሕመም ቈጥሮ ከዓለም ሊያጠፋልን ቃል የገባ መሣሪያ ነው። ይህ ጽሑፍ መሣሪያውን ለመውቀስ አልተነሣም፤ መጠበቅ ሲቀር አብሮት የሚቀረው ምን እንደሆነ፥ ከዚያም ውስጥ ልናድነው የሚገባን የትኛው እንደሆነ ለመመርመር ነው እንጂ።

## ስም ያለው ሰዓት

ለምድር ወገብ ቀረብ ብሎ የሚኖር ሕዝብ መዓልቱንና ሌሊቱን ዓመቱን ሙሉ ብዙ ሳይበላለጡ ስለሚያገኛቸው፥ ቍጥሩን ከፀሓይ መውጫ ጀምሮ ንጋቱን 12፥ ቀትሩን 6፥ ምሽቱን ደግሞ 12 ብሎ ቢሰይም፥ ሥርዓቱ ከተፈጥሮ ጋር የተስማማ ነው። መዓልቱ ከወቅት ወቅት እጅግ ለሚለዋወጥበት ለሰሜኑ ዓለም ግን የፀሓይ መውጫ የማይጸና መነሻ ነው። በጥቅምት ወር 1877 ዓ.ም. የ25 አገሮች መልእክተኞች በዋሽንግተን ተሰብስበው፥ በእንግሊዝ አገር በግሪንዊች የሚያልፈው መስመር የዓለም ኬንትሮስ መነሻ እንዲሆን፥ ዓለም አቀፉም ቀን ከእኩለ ሌሊት እንዲጀምር ሲስማሙ፥ ኢትዮጵያ ከጉባኤው አልነበረችበትም፤ ንጋቷንና ምሽቷን እንደ ጥንቱ ስትቈጥር ኖረች።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አቈጣጠር ደግሞ ከዚህ ይረቅ ነበር። በባሕረ ሐሳብ፥ በዘመን ቀመሩ ትምህርት፥ አንዲት ዕለት በ60 ኬክሮስ ትከፈላለች፤ አንዱ ኬክሮስ በ60 ካልዒት፥ አንዷ ካልዒት በ60 ሣልሲት፥ እንዲህ እያለ በራብዒትና በኃምሲት በኩል ወርዶ ከሳድሲት ይደርሳል። ኬክሮስ ዛሬ በምንቈጥረው 24 ደቂቃ ነው፤ ሳድሲት ግን አንዲት ሰከንድ ከሚሊዮን ብትከፈል ሁለቱን ክፋይ እንኳ የማትሞላ ናት። ይህን ያህል የቀጠነ ጊዜ በዓይን ሊታይ፥ በጆሮ ሊሰማ፥ በዚያ ዘመን በነበረ መሣሪያም ሊለካ ከቶ አይቻልም ነበር፤ የተከፈለው በሐሳብ ብቻ ነው።

ነገር ግን ጊዜ እስከ ሳድሲት ድረስ እንደሚከፈል ያወቁት እነዚያ ሊቃውንት ኑሮአቸውን በሳድሲት አላደረጉትም። ለኑሮ የመረጡት ጥቂት፥ ሰፋፊና ስም ያላቸው ሰዓቶችን ነው፤ ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋም፥ መንፈቀ ሌሊት። እያንዳንዱም ሰዓት የራሱ ጸሎት፥ የራሱ መታሰቢያ አለው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የሰዓታቱን ጸሎት ሲደርሱ፥ የሌሊቱን ጨለማ እንኳ ሥራ ፈት አላደረጉትም። በጉራጌ ምድር ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጋር የመስጊዱ አዛን ስለሚሰማ፥ ሙስሊሙም ጎረቤት ቀኑን በሱብሒ፥ በዙህር፥ በአስር፥ በመግሪብና በዒሻ ሲያደላድል ኖሯል። የሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች በብዙ ነገር ቢለያዩም፥ ሰዓት ባዶ ዕቃ እንዳልሆነ፥ መጥቶ የሚጠራን የራሱ ግብር ያለው እንደሆነ ግን ይስማማሉ።

> ጊዜን እስከ ሳድሲት መክፈል የቻሉት ሊቃውንት፥ ለኑሮ የመረጡት ሰፋፊውን ሰዓት ነው።

በጉንችሬ የሚያገለግሉ አንድ አረጋዊ ካህን እንዲህ ይላሉ፤ «ዛሬ ስልኩ ለሁሉም ሰዓት አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ለቅዳሴም፥ ለንግድም፥ ለወሬም ያው ነው። እኛ ግን ደወሉን ስንሰማ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም እንሰማ ነበር።»

## ከሰማይ የሚወርድ ቍጥር

በልጅቱ እጅ ያበራው 7:10 ከስልኩ ከራሱ የመነጨ አይደለም። ስልኩ ሰዓቱን የሚያስተካክለው ከኔትወርኩ ማማና በሩቅ አገር ካሉ ኮምፒውተሮች እየጠየቀ ነው፤ የእነዚያም ሁሉ መጨረሻ ምንጫቸው የአቶም ሰዓት ነው። በ1960 ዓ.ም. የዓለም የመለኪያ ጉባኤ ሰከንድን ከፀሓይና ከምድር ዑደት አላቅቆ በሲዚየም አቶም ንዝረት እንዲለካ ወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ሰከንድ ማለት የ9,192,631,770 ንዝረት ርዝመት ማለት ናት። እንዲህ ሲሆን ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰማይ ብርሃናት ተለየ፤ ፀሓይ ብትወጣም ባትወጣም የማይገደው ሆነ።

ከምድር በላይ የሚዞሩት የአቅጣጫ ሳተላይቶችም እያንዳንዳቸው የአቶም ሰዓት ተሸክመዋል። ስልክ ያለንበትን ስፍራ የሚያውቀው ከእነርሱ የሚመጣው ምልክት ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ በመለካት ነው። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ፥ በዚያ ልኬት ላይ የአንዲት ሳድሲት ስሕተት ቢገባ፥ ከጉንችሬ ገበያ መካከል የቆመውን ሰው ግማሽ ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ ርቀት ላይ፥ ምናልባት ከአንድ ሰው የእንሰት ጓሮ ውስጥ ባቆመው ነበር። ሊቃውንቱ በኅሊና ብቻ የከፈሏት ሳድሲት ዛሬ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ሥራ የያዘች መሆኗ ምንኛ የሚያስደንቅ ነው!

የስልክና የኮምፒውተር ዘመን አቈጣጠርም የራሱ «ዓመተ ዓለም» አለው። አብዛኞቹ እነዚህ መሣሪያዎች በውስጣቸው ወርና ዓመት የላቸውም፤ ያላቸው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ወዲህ፥ በግሪንዊች እኩለ ሌሊት በእኛ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከነበረው ቅጽበት ጀምሮ፥ ያለፉት ሰከንዶች ድምር ብቻ ነው። ጥምቀትን፥ ረመዳንን፥ ጳጉሜንን፥ የገበያ ቀንን የምናየው ያ ድምር ተመንዝሮ ሲቀርብልን ነው። ኢትዮጵያ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. አዲሱን ሺህ ዓመት ስታከብር፥ በበዓሉ ላይ በየሰው እጅ የነበረው ስልክ ሳይመክር 2007 እያለ ይቈጥር ነበር። ለዚያ ድምር የፋሲካ ሌሊትና የተራ ማክሰኞ ሌሊት አንድ ናቸው፤ አንዱ ሰከንድ ከሌላው አይበልጥም፥ አይከብርም፥ አይጠበቅም።

## እንሰት በተራው ይበላል

ልጅቱ ትታው በሄደችው ጓሮ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰዓት ቆሟል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንሰት በጉራጌ ምግብ ብቻ ሳይሆን መቍጠሪያም ነውና። እንሰት ከግንዱ ሥር ችግኝ አውጥቶ፥ ከስፍራ ወደ ስፍራ ደጋግሞ ተነቅሎ እየተተከለ፥ ለመፋቅ እስኪበቃ ድረስ እንደ አየሩ ጠባይ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ አብቦም ይሞታል። ሴቶቹ ፍቀው ያወጡት ደግሞ ወዲያው አይበላም፤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በጉድጓድ ውስጥ ለወራት፥ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ብሎክቶ ቆጮ ይሆናል።

ስለዚህ የጉራጌን ጓሮ ማየት ለሚያውቅ ሰው የእንሰቱ ረድፍ የተዘረጋ የዘመን መጽሐፍ ነው። የልጅቱ አያት በእጃቸው እያመለከቱ ያነቡታል። «ይህኛው ረድፍ ዘንድሮ የሚፋቅ ነው። ያ ከበስተጀርባው ያለው ልጅቱ ስትዳር ይደርሳል። እነዚህ ትንንሾቹ ደግሞ እኔ ካለሁ ለእኔ፥ ከሌለሁም በልቶ ለሚያስበኝ ሰው ናቸው።» በአንድ ጓሮ ውስጥ ዘንድሮና ከርሞ፥ ያለና የሚመጣ ሰው ጎን ለጎን ይበቅላሉ። እንሰት በደረሰ ጊዜ ዓመቱን ሳይመርጥ ስለሚነሣ፥ ዝናብ ሲቀር እህል የከዳውን ቤት ይታደጋል፤ ዛሬም በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በእርሱ ይኖራል። ይህ ዋስትና የተገዛው በሌላ በምንም አይደለም፤ በመጠበቅ ነው።

አያቲቱ ስልክ የላቸውም ማለት አይደለም። አላቸው፤ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዙታል፤ ልጆቻቸውንም ያነጋግሩበታል። ጉድጓዱን ከፍተው ቆጮው መድረሱን የሚያውቁት ግን በጠረኑና በእጃቸው ጣት ነው። ለዚያ እስካሁን የማንቂያ ደወል አልተሠራለትም።

## ብሩ ሲደርስ፥ ሰው ሲቀር

ጉራጌ ፍጥነትን የሚጠላ ሕዝብ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ይሳሳታል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አዲስ አበባ የነበሩት የጉራጌ ልጆች በመርካቶ ላብ ያገኙትን ሳንቲም አዋጥተው፥ የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፥ አገራቸውን ከዋናው ጎዳና ጋር ያገናኙት፥ በእግር የሚያልፈው ቀን ወደ መኪና ሰዓት እንዲያጥር ፈልገው ነው። መዋጮው ዘገምተኛ፥ መንገዱ ፈጣን ነበር፤ ፍጥነቱን የወለደው ትዕግሥቱ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ረጅም ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ገጠር ገንዘብ የሚሄደው በአደራ ነበር። ልጅ ለአገሩ ሰው ወይም ለሾፌር ይሰጣል፤ አድራሹም ከነወሬው፥ ከነሰላምታው፥ ከነጨውና ስኳሩ ይዞ ይመጣል፤ እናትም ገንዘቡን ከመቍጠሯ በፊት ቡና አፍልታ ስለ ልጇ ጠባይና ስለ ፊቱ መልክ ትጠይቃለች። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምርና የባንኮቹም የስልክ አገልግሎት ሲስፋፋ፥ ያ መንገድ በአንድ ቅጽበት አጠረ። ዛሬ በጉንችሬ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ የተቀመጠ ወጣት የቴሌብር ወኪል፥ በመርካቶ የተላከው ብር የላኪው እናት እጅ ለመግባት አንድ ሲኒ ቡና እስኪጠጣ እንኳ እንደማይቈይ በኩራት ይናገራል። ልኩን ነው፤ ለታመመ ሰው መድኃኒት መግዣ በዚያች ቅጽበት ሲደርስ፥ ያለፈውን የአደራ ዘመን የሚናፍቅ የለም። በሌባና በመንገድ አደጋ የቀረውን ገንዘብ ያየ ሰውም ይህን አገልግሎት ያመሰግናል እንጂ አያማም።

ሆኖም በዚያው ደጃፍ ተራቸውን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ልጃቸው የላከላቸውን ብር ከተቀበሉ በኋላ እንዲህ አሉ።

> «ብሩ ደረሰኝ፥ እግዜር ይስጠው። ያመጣልኝ ሰው ግን የለም።»

በዚህ ረገድ እጅግ የሚያስተምረው እቁቡ ነው። እቁብን ከጉራጌ የንግድ ሕይወት ጋር አያይዘው የሚያነሡ ብዙዎች ናቸው፤ በእርግጥም በመርካቶ ስንቱ ሱቅ በእቁብ ዕጣ ተከፍቷል። የእቁብ ምሥጢሩ ገንዘቡ አይደለም፤ ተራው ነው። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ወስዶ እንደማይጠፋ፥ መጨረሻ የሚደርሰውም ሰው ተራው እንደማይቀርበት የሚታመነው፥ ሁሉም በሳምንቱ አንድ ቀን ፊት ለፊት ስለሚተያይ ነው። አሁን መዋጮውን በስልክ መላክ ተችሏል። አንድ የእቁብ ዳኛ እንደሚናገሩት፥ ክፍያው በስልክ ከሆነ ወዲህ ከአባላቱ ግማሾቹ መምጣት ተዉ፤ ጥቂት ቈይቶም ማን እንደ ታመመ፥ ማን እንደ ከሰረ፥ ማን እንዳዘነ የሚያውቅ ጠፋ። ስለዚህ ተማክረው አዲስ ደንብ አወጡ፤ ገንዘቡ በስልክ እንዲላክ፥ ዕጣው ግን ሰዎቹ ባሉበት እንዲወጣ። «ብሩ በስልክ ይምጣ» ይላሉ ዳኛው፥ «ሰውየው ግን በእግሩ ይምጣ።»

## ናፍቆት ሲያጥር

ወደ ዓረብ አገር ልጇን የላከች የጉንችሬ እናት ከቀድሞዋ የስደተኛ እናት ይልቅ የታደለች ናት። ያችኛዋ ደብዳቤ በወራት አንዴ ይደርሳት ነበር፤ ማንበብ የሚችል ተማሪ ተፈልጎ፥ ጎረቤት ተሰብስቦ፥ ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ የፈጀው ወረቀት ደጋግሞ ይነበብላታል። ቈይቶ ድምፅ የተቀዳበት ካሴት መጣ፤ እርሱም ቴፑ እስኪጎተት ድረስ ይደመጥ ነበር። የዛሬዋ እናት የልጇን ፊት በስልክ መስኮት ታየዋለች፤ መክሳቷንና መወፈሯን ትመረምራለች፤ ምን እንደ በላች ትጠይቃለች።

ነገር ግን ይህችው እናት እንዲህ ትላለች፤ «ድሮ እናቴ የወንድሜን ደብዳቤ ሦስት ወር ስትጠብቅ አላዘነችም። እኔ ልጄ መልእክቴን አይታ ሳትመልስልኝ አንድ ሰዓት ከቈየች አንጀቴ ይገለበጣል።» መልእክቱ መታየቱን የሚያሳዩት ሁለት ትንንሽ ምልክቶች ለእናቲቱ ከዝምታም የባሰ ዝምታ ሆኑባት፤ አይታለች፥ ግን አልመለሰችም። የሦስቱን ወር ጥበቃ ለቀድሞዋ እናት ባሕርና በረሓ፥ ፖስታና ጉዞ ይሸከሙላት ነበር፤ የአንዲቱን ሰዓት ጥበቃ ግን የዛሬዋ ብቻዋን ትሸከማለች።

ከዚህ ላይ የነገራችን ሁሉ ቍልፍ ይገኛል። ስልክ መጠበቅን አጠፋለሁ ብሎ ነበር፤ አላጠፋውም። ያጠፋው ጫፍ ያለውን፥ ከሰው ጋር የሚጠበቀውን ጥበቃ ነው። በምትኩ ያመጣው ጫፉ የማይታወቅ፥ እያንዳንዱ ብቻውን የሚጠብቀውን ነው። የፋሲካ ጾመኛ 55 ቀን እንደሚጾም ያውቃል፤ ከአገሩ ሁሉ ጋር ይጾማል፤ ከአገሩም ሁሉ ጋር ይፈታል። በባንክ ደጃፍ «ሲስተም የለም» ተብሎ የተመለሰ ገበሬ ግን ሲስተም የሚባለው ነገር መቼ እንደሚመጣ የሚነግረው የለም። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ሲቈይ፥ ብዙዎች በስልካቸው ላይ የጣሉት የኑሮ ገመድ ምን ያህል እንደ ነበር ያን ጊዜ አወቁ፤ መጨረሻው ያልተነገረ ጥበቃ ከረጅሙ ጥበቃ ይልቅ እንደሚከብድም ተማሩ።

> የጾም ጥበቃ ጫፍ አለው። «ሲስተም የለም» የተባለ ሰው ጥበቃ ግን ጫፉ ወዴት ነው?

## ማለቂያ የሌለው ገጽ

በጉንችሬ ማምሻውን ከትምህርት ቤት የተመለሱ ወጣቶች በየደጃፉ ተደርድረው፥ ጣታቸውን ከታች ወደ ላይ እያንሸራተቱ የስልካቸውን ብርሃን ፊታቸው ላይ ሲያበሩ ይታያሉ። ያ የማያልቅ ገጽ ሠሪ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ፥ ሰው የገጹ ግርጌ በደረሰ ቍጥር ሌላ ገጽ ከመጥራት እንዲያርፍ ብሎ፥ ገጹ ከሥሩ ራሱን እየወለደ እንዲቀጥል አደረገ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ሥራው የሰውን ጊዜ እንዴት እንደሚበላ አይቶ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፤ ጉዞ ማረፊያ አለው፤ ቡናም አቦል፥ ቶና፥ በረካ ብሎ ያበቃል፤ ሰውም በእነዚያ ጫፎች ላይ ቆም ብሎ «ይበቃኛል ወይ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ጫፉ ሲቀር ጥያቄውም ቀረ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚሉት ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በአንድ በኩል፥ ከቤተ መጻሕፍት የራቀ ተማሪ ዛሬ የፊዚክስ ትምህርት በስልኩ አውርዶ እንደሚያጠና፥ ከዚህ በፊት ያልታየ ዕድል እንደሆነ ይመሰክራሉ። በሌላ በኩል ግን፥ «ትናንት ማታ ምን አየህ?» ብለው ሲጠይቁት ተማሪው ሁለት ሰዓት ያየውን አንዱን እንኳ ማስታወስ እንደማይችል ይናገራሉ። ለአፍታ የሚያስቀው፥ ለአፍታ የሚያስፈራው፥ ለአፍታ የሚያስቀናው በተርታ ሲያልፍ፥ ሰዓቱ ፈጥኖ ሄደ፤ በተዘክሮ ውስጥ ግን ምንም አላስቀመጠም። ጊዜ በሚያልፍበት ሰዓት አጭር፥ ሲታሰብም ባዶ ሆነ። እንሰት የምትፍቅ ሴት ቀን ደግሞ በሚያልፍበት ሰዓት ረጅምና አድካሚ ነው፤ ከወራት በኋላ ግን ቆጮው ከጉድጓዱ ሲወጣ አንድ ቤት ያበላል።

## የሚጠበቅ ቀን

ጉራጌ እስካሁን ድረስ ለስልኩ ያልተሸነፈበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም መስቀል ነው። መስከረም ሲደርስ የመርካቶ ሱቅ ይዘጋል፤ ጎዳናው በተጫነ መኪና ይሞላል፤ ልጅ ወደ አባቱ፥ የወለደም ከነልጆቹ ወደ አያት ቤት ይመለሳል። ለዚያ ቀን በሬው በዓመት ቍጠባ ተገዝቷል፤ ቅቤው በሴቶቹ የቅቤ እቁብ ተጠራቅሟል፤ ሣር የለበሰው ሰፊ የመንደር ጎዳና፥ ጀፎረ፥ ተጠርጎ ይጠብቃል። የክትፎው ፎቶግራፍ በዚያች ቅጽበት ባሕር ማዶ ላለው ዘመድ ሊላክ ይችላል፤ ይላካልም። ነገር ግን በስልክ መስኮት መስቀልን ያየ ሰው ደስ ሲለው አይታይም፤ ሲያለቅስ ነው የሚታየው። ለምን ቢሉ፥ መስቀል ዜና ሆኖ የሚደርስ ነገር ስላልሆነ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀ አካል በዚያ መገኘት አለበት። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ነጋዴ «ከእናቴ ጋር በየቀኑ በስልክ እንነጋገራለን፤ የምንገናኘው ግን በመስቀል ነው» ሲል የቃላቱን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል።

እንግዲህ ልናድነው የሚገባን ይህ ነው። ስልኩን መጣል አይደለም፤ ለታመመው መድኃኒቱን፥ ለተማሪው ትምህርቱን፥ ለእናት የልጇን ድምፅ ያመጣ መሣሪያ አይጣልም። ነገር ግን የእቁቡ ዳኛ እንዳደረጉት፥ በስልክ የሚፈጸመውንና በአካል ብቻ የሚፈጸመውን ለይቶ ደንብ ማውጣት ይቻላል። ሊቃውንቱ ሳድሲትን እያወቁ በነግህና በሠርክ እንደ ኖሩ ሁሉ፥ እኛም ሰከንዱን በኪሳችን ይዘን ለቤታችን፥ ለማዕዳችን፥ ለሐዘናችንና ለደስታችን ስም ያለው ሰፊ ሰዓት ልንመርጥ እንችላለን። ይህን ምርጫ ለእኛ የሚመርጥልን መሣሪያ የለም።

ወደ ማምሻው ሚኒባሱ ከወልቂጤ ተመልሶ በጉንችሬ ጎዳና ዳር ቆመ። ቀጠሮው በፈረንጅ ኖሮ ልጅቱ በሰዓቱ ደርሳለች፤ ተጠይቃለች፤ መልሳለችም። ውጤቱ በስልክ መልእክት ይላክልሻል ተብላለች። መቼ እንደሆነ አልተነገራትም። ከመውረጃው እስከ ቤቷ ድረስ ባለው መንገድ ስልኳን ሦስት ጊዜ አውጥታ አየችው።

አያቷ ከጓሮው ነበሩ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ያለው አፈር ለችግኝ ተስማሚ ነውና። ነገሩን ሁሉ ሰሙና ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም አንዱን የእንሰት ችግኝ ከነአፈሩ አንሥተው በሁለት እጇ አስያዟት። ልጅቱ ስልኳን ከነጠላዋ ሥር ከታ፥ ረድፉ ካለቀበት ቀጥላ ጉድጓዱን መቈፈር ጀመረች።